የፕሮክሲ ቅንብር በፕሮግራም ኮድ ውስጥ

የፕሮክሲ ቅንብር በፕሮግራም ኮድ ውስጥ ማለት አንድ ፕሮግራም ወደ ድረ ገጽ ወይም ወደ ሌላ የድር አገልግሎት የሚልከው ጥያቄ በቀጥታ ሳይሆን ፕሮክሲ ሰርቨር በሚባል መካከለኛ ኮምፒዩተር በኩል እንዲያልፍ የሚደረግበት አሠራር ነው። ቅንብሩ ቢያንስ የፕሮክሲውን አድራሻና የፖርት ቁጥር ይይዛል። እንደ ሁኔታው የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል እንዲሁም በፕሮክሲው ማለፍ የሌለባቸው አድራሻዎች ዝርዝር ይጨመርበታል።

ከላይ ሲታይ ጉዳዩ የአንድ መስመር ኮድ ይመስላል። አስቸጋሪ የሚያደርገው በኮምፒዩተሩ ላይ የተሞላውን የፕሮክሲ ቅንብር ሁሉም ፕሮግራም የማያከብረው መሆኑ ነው። ብራውዘሩ ገጾችን ያለችግር እየከፈተ፣ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ያለ የጃቫ ፕሮግራም ግን መገናኘት ሊያቅተው ይችላል። የዚህ ተቃራኒም ያጋጥማል፤ በፕሮክሲ ብቻ ማለፍ የነበረበት ጥያቄ ማንም ሳያውቅ በቀጥታ ይወጣል። የመጀመሪያው ስህተት ወዲያው ይታያል፣ ስለዚህም ይታረማል። ሁለተኛው ግን ሥራው የተሳካ ስለሚመስል ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

አሠራሩ

ፕሮክሲ ሲኖር ፕሮግራሙ ግንኙነት የሚከፍተው ከመድረሻው ሰርቨር ጋር ሳይሆን ከፕሮክሲው ጋር ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ጥያቄው ባልተመሰጠረ ኤችቲቲፒ ወይም በተመሰጠረ ኤችቲቲፒኤስ በመሆኑ ይለያያል።

ባልተመሰጠረው ጊዜ ፕሮግራሙ በጥያቄው የመጀመሪያ መስመር ላይ የገጹን መንገድ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ዩአርኤል ይጽፋል። ፕሮክሲው ያንን አንብቦ ጥያቄውን በራሱ ስም ወደ መድረሻው ይልካል፣ ምላሹንም ተቀብሎ ይመልሳል። በመካከሉ የሚያልፈውን ሁሉ ማንበብ፣ ማስቀመጥና መለወጥ ይችላል።

በኤችቲቲፒኤስ ጊዜ ፕሮግራሙ መጀመሪያ «ኮኔክት» የሚባለውን ትእዛዝ ከመድረሻው ስምና ከፖርት ቁጥሩ (አብዛኛውን ጊዜ 443) ጋር ለፕሮክሲው ይልካል። ፕሮክሲው ከፈቀደ በቁጥር 200 ይመልስና ከዚያ ወዲህ ባይቶችን ወዲያና ወዲህ ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ሥራ አይኖረውም። ምስጠራው በፕሮግራሙና በመድረሻው ሰርቨር መካከል ስለሚደረግ ፕሮክሲው ማወቅ የሚችለው ከየትኛው ሰርቨር ጋር እንደተገናኙና ምን ያህል መረጃ እንዳለፈ ነው እንጂ የገጹን ይዘት አይደለም።

በሁለቱም መንገድ የመድረሻውን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው በተለምዶ ፕሮክሲው ነው። በመሆኑም የውጭ ስሞችን መፍታት በማይችል የውስጥ አውታረ መረብ ላይ ያለ ፕሮግራም በፕሮክሲ በኩል ከሆነ ያለችግር ይሠራል። ስሙን አስቀድሞ ራሱ ለመፍታት የሚሞክር ፕሮግራም ግን ገና ፕሮክሲው ጋ ሳይደርስ ይወድቃል።

ታሪክ

የድር ፕሮክሲ ከድሩ ራሱ ብዙም አያንስም። በ1994 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የድር ጉባኤ አሪ ሉኦቶነንና ኬቪን አልቲስ በሰርን የተሠራውን የድር ሰርቨር እንደ ፕሮክሲ ስለመጠቀም የሚገልጽ ጽሑፍ አቅርበው ነበር። የዚያን ጊዜው ዋና ዓላማ በፋየርዎል ውስጥ ያሉ ተጠቃሚዎች ወደ ውጭ እንዲደርሱና በተደጋጋሚ የሚጠየቁ ሰነዶች በቅርብ ተቀምጠው እንዲገኙ ነበር። ዛሬም የሚሠራባቸው «ኤችቲቲፒ_ፕሮክሲ» እና «ኖ_ፕሮክሲ» የሚባሉት ስሞች የመጡት ከዚያ ዘመን ሶፍትዌር ነው። ስሞቹ በልማድ ተስፋፉ እንጂ ትርጉማቸውን በዝርዝር የሚደነግግ መስፈርት አልወጣላቸውም፤ ከታች የሚታየው አለመስማማት ከዚህ የመጣ ነው።

ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች

በዩኒክስና በሊኑክስ ላይ የተለመደው መንገድ አድራሻውን በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ማስቀመጥ ነው። «ኤችቲቲፒ_ፕሮክሲ» ላልተመሰጠሩ ጥያቄዎች፣ «ኤችቲቲፒኤስ_ፕሮክሲ» ለተመሰጠሩት፣ «ኦል_ፕሮክሲ» ለሁሉም፣ «ኖ_ፕሮክሲ» ደግሞ ለተለዩ አድራሻዎች ያገለግላሉ። እሴቱ ለምሳሌ «ኤችቲቲፒ://10.0.0.5:3128» ይሆናል። ቁጥር 3128 ስኩዊድ የተባለው የታወቀ ፕሮክሲ ሶፍትዌር በነባሪነት የሚጠቀምበት ፖርት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በስሙ ነው። «ኤችቲቲፒኤስ_ፕሮክሲ» የሚለው ስም የመድረሻውን ዓይነት የሚናገር እንጂ ከፕሮክሲው ጋር የሚደረገውን ግንኙነት የሚናገር አይደለም። ስለዚህ የዚህ ቫሪያብል እሴት በአብዛኛው «ኤችቲቲፒ://» ብሎ ይጀምራል። «ኤችቲቲፒኤስ://» ተብሎ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ከፕሮክሲው ጋር ራሱ በምስጠራ ለመነጋገር ይሞክራል፣ ፕሮክሲው ደግሞ ያንን ካልደገፈ «የተሳሳተ የቅጂ ቁጥር» የሚል ግራ የሚያጋባ የምስጠራ ስህተት ይወጣል። የፓይተኑ ዩአርኤልሊብ3 ላይብረሪ በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 1.26 ቅጂው ይህን ዓይነት ግንኙነት መደገፍ ሲጀምር፣ እስከዚያ ድረስ በስህተት ተጽፈው ሳለ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ቅንብሮች በአንድ ጊዜ መሥራት አቁመዋል።

«ኖ_ፕሮክሲ» በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ ስሞችና አድራሻዎች ዝርዝር ነው። ላይብረሪዎች በጣም የሚለያዩት በዚህ ላይ ነው። በስም ፊት ነጥብ ቢቀመጥ፣ በጎ ቋንቋ ትርጉሙ «በዚህ ስም ሥር ያሉት ንዑስ ስሞች ብቻ» ማለት ሲሆን፣ ከርል የተባለው መሣሪያ ግን ነጥቡን ይተወውና ዋናውን ስምም ንዑሶቹንም ይቀበላል። የአይፒ አድራሻ ክልል፣ ለምሳሌ 10.0.0.0/8፣ በጎና በፓይተኑ ሪኩዌስትስ ይሠራል፤ ከርል ግን የተቀበለው በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 7.86.0 ቅጂ ጀምሮ ነው። ኮከብ ምልክትን ከርል የሚያውቀው ብቻዋን ስትቀመጥ ነው፣ ያኔም «ፕሮክሲን ፈጽሞ አትጠቀም» ማለት ነው። በተጨማሪም ከርልና ጎ ስሙን ወደ አይፒ አድራሻ ፈትተው አያመሳክሩም። ዝርዝሩ ውስጥ 10.0.0.0/8 ተጽፎ ፕሮግራሙ ግን ሰርቨሩን በስሙ ቢጠራው፣ ስሙ የሚያመለክተው በዚያ ክልል ውስጥ ያለ አድራሻ ቢሆንም እንኳ ጥያቄው ወደ ፕሮክሲው ይሄዳል። የተለያዩ ቋንቋዎች በሚጠቀም ድርጅት ውስጥ የሚያዋጣው ነጥብም ኮከብም ሳይጨምሩ ሙሉ ስሞችን መዘርዘር ነው።

በክላውድ ላይ በሚሠሩ ማሽኖች ደግሞ 169.254.169.254 የሚለውን አድራሻ ከዝርዝሩ መርሳት አይገባም። ይህ አድራሻ ማሽኑ ስለ ራሱ መረጃና ጊዜያዊ የመግቢያ ቁልፎችን የሚጠይቅበት ነው። ጥያቄው በፕሮክሲ ቢያልፍ ከመውደቁ ሌላ፣ ያልተመሰጠረ በመሆኑ ምላሽ ካገኘ ቁልፉን በፕሮክሲው ፊት ያሳልፋል።

ኤችቲቲፖክሲ

ከርል ያልተመሰጠሩ ጥያቄዎችን የሚመለከተውን ቫሪያብል የሚያነበው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ሲጻፍ ብቻ ነው፤ የቀሩትን ግን በትልቅም በትንሽም ይቀበላል። ይህ ልዩነት በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ሲጂአይ በተባለው የቆየ የድር ሰርቨር አሠራር፣ ከተጠቃሚ የመጣ እያንዳንዱ የጥያቄ ራስጌ በስሙ ላይ «ኤችቲቲፒ_» ተጨምሮበት በትልልቅ ፊደላት ወደ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልነት ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው «ፕሮክሲ» የሚል ራስጌ ያለው ጥያቄ ቢልክ፣ ሰርቨሩ ላይ በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ «ኤችቲቲፒ_ፕሮክሲ» ይፈጠራል። ያ ፕሮግራም በበኩሉ ወደ ሌላ አገልግሎት ጥያቄ የሚልክ ከሆነና ቫሪያብሉን የሚያምን ላይብረሪ ከተጠቀመ፣ ጥያቄው አጥቂው ወደ መረጠው ኮምፒዩተር ይሄዳል። አጥቂው የሚያስፈልገው አንድ ራስጌ መጨመር ብቻ ነው።

ችግሩ በ2001 እ.ኤ.አ. በፐርል ላይብረሪና በከርል ላይ ታውቆ በየቦታው ታርሟል። በሌሎች ቋንቋዎች ግን በአዲስ መልክ እየተደገመ ቆይቶ በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. «ኤችቲቲፖክሲ» በሚል ስም በአንድነት ይፋ ሆነ። ፒኤችፒ፣ ጎ፣ ፓይተንና የአፓቺ ድር ሰርቨር ከተነኩት መካከል ነበሩ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ድር ሰርቨሩ «ፕሮክሲ» የሚለውን ራስጌ ገና ሲመጣ እንዲጥለው ይደረጋል። እንዲህ ያለ ራስጌ በመስፈርት ውስጥ ስለሌለ መጣሉ የሚጎዳው ሕጋዊ ተጠቃሚ የለም።

በየፕሮግራሚንግ ቋንቋው

ፓይተን። ከቋንቋው ጋር የሚመጣው ዩአርኤልሊብ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎችን ያነባል፤ ከሌሉ በዊንዶውስና በማክ ላይ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ቅንብር ይመለከታል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሪኩዌስትስም ይህንኑ ይከተላል። ሆኖም በሪኩዌስትስ ውስጥ ቅንብር በሦስት ቦታ ሊሰጥ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ፣ ለሙሉ «ሴሽን» ወይም በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል። ለአንዱ ጥያቄ ብቻ የተሰጠው ሁሉን ይበልጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ግን እንደሚጠበቀው ሴሽኑ ሳይሆን ቫሪያብሉ ነው። በሴሽን ላይ ፕሮክሲ የጻፈ ፕሮግራመር በራሱ ማሽን ላይ ሞክሮ ሲሠራለት፣ ቫሪያብል ያለበት ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን በሌላ ፕሮክሲ ሊያልፍ ይችላል። የላይብረሪው መመሪያ ራሱ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ይህን ለመከላከል «ትረስት_ኢንቭ» የሚባለውን መለያ ሐሰት ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን የይለፍ ቃሎች የሚቀመጡበትን የኔትአርሲ ፋይል ማንበብንም አብሮ ያስቀራል። ኤአይኦኤችቲቲፒ የተባለው ሌላ የፓይተን ላይብረሪ በተቃራኒው ቫሪያብሎችን የሚያነበው በግልጽ ሲፈቀድለት ብቻ ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱም ካሉ አንዱ በፕሮክሲ፣ ሌላው በቀጥታ ይወጣሉ።

ጃቫ። ጃቫ እነዚህን ቫሪያብሎች አያነብም። የራሱ የሲስተም ፕሮፐርቲዎች አሉት፤ «ኤችቲቲፒ.ፕሮክሲሆስት» እና «ኤችቲቲፒ.ፕሮክሲፖርት»፣ ለተመሰጠሩት ደግሞ በ«ኤችቲቲፒኤስ» የሚጀምሩ አቻዎቻቸው። የመጀመሪያዎቹን ብቻ መሙላት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ያን ጊዜ የኤችቲቲፒኤስ ጥያቄዎች፣ ማለትም ዛሬ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥያቄዎች፣ ፕሮክሲውን ሳያዩ በቀጥታ ለመውጣት ይሞክራሉ። የተለዩ አድራሻዎች ዝርዝር ግን ለሁለቱም አንድ ሲሆን የሚለያየው በነጠላ ሰረዝ ሳይሆን በቋሚ መስመር ነው፤ ኮከብም ይፈቀዳል። በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው የጃቫ 8 ማሻሻያ 111 ጀምሮ፣ በ«ኮኔክት» ጊዜ ለፕሮክሲው የይለፍ ቃልን በ«ቤዚክ» ዘዴ መላክ በነባሪነት ተከልክሏል። ከዚያ በፊት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ጃቫ ሲሻሻል በድንገት በቁጥር 407 የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎ። ነባሪው የጎ ክላየንት ቫሪያብሎቹን ያከብራል። ፕሮግራመሩ የጊዜ ገደብ ወይም ሰርተፍኬት ለማስተካከል ሲል አዲስ «ትራንስፖርት» ከባዶ ከፈጠረ ግን የፕሮክሲው መስክ ባዶ ስለሚሆን ጥያቄው በቀጥታ ይወጣል። ቫሪያብሎቹ የሚነበቡት አንዴ ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ መለወጣቸው ውጤት የለውም። በራሱ በኮምፒዩተሩ ላይ ወዳለ አድራሻ፣ ማለትም ወደ ሎካልሆስት፣ የሚላክ ጥያቄም ምንም ቢጻፍ በፕሮክሲ አያልፍም፤ በሎካልሆስት ላይ ፕሮክሲን ለመሞከር የሚደክም ሰው ይህን ቢያውቅ ጊዜ ይቆጥባል።

ኖድ.ጄኤስ ለረጅም ዓመታት ቫሪያብሎቹን ፈጽሞ አያይም ነበር፤ ፕሮግራመሮች «ኤጀንት» የሚባል ተጨማሪ ላይብረሪ ይጭኑ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው 24ኛው ቅጂ «ኖድ_ዩዝ_ኢንቭ_ፕሮክሲ» የሚለው ቫሪያብል 1 ሲደረግ እንዲያከብራቸው ተደርጓል። ዶትኔት ከ3.0 የኮር ቅጂው ጀምሮ መጀመሪያ ቫሪያብሎቹን፣ ከዚያ በዊንዶውስና በማክ ላይ የሲስተሙን ቅንብር ይመለከታል።

ብራውዘሮች የሚጠቀሙበት የፓክ ፋይል ለየዩአርኤሉ ተገቢውን ፕሮክሲ የሚመልስ የጃቫስክሪፕት ፋንክሽን የያዘ ፋይል ነው። ከላይ የተጠቀሱት ላይብረሪዎች አብዛኞቹ ጃቫስክሪፕት ስለማያስኬዱ አይጠቀሙበትም። ድርጅቱ የሰጠው የፓክ አድራሻ ብቻ ከሆነ ፋይሉን ከፍቶ ውስጡ የተጻፈውን የፕሮክሲ አድራሻ መውሰድ ያስፈልጋል።

ቫሪያብሉ የማይደርስባቸው ቦታዎች

በተርሚናል ላይ የተሞላ ቫሪያብል የሚደርሰው ከዚያው ተርሚናል ለተነሡ ፕሮግራሞች ብቻ ነው። በሲስተምዲ የሚነሣ አገልግሎት አያገኘውም። ሱዱም በተለመደው ቅንብሩ ቫሪያብሎችን ስለሚያጸዳ፣ ያለ ሱዱ የሚሠራ ትእዛዝ በሱዱ ሲታዘዝ ሊወድቅ ይችላል። በዶከር ደግሞ ምስሎችን የሚያወርደው ዋናው አገልግሎትና በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም የየራሳቸው ቅንብር ያስፈልጋቸዋል። ፕሮክሲው በዚያው ማሽን ላይ 127.0.0.1 ተብሎ ከተጻፈም ኮንቴይነሩ ውስጥ ይህ አድራሻ ኮንቴይነሩን ራሱን ስለሚያመለክት ግንኙነቱ እምቢ ይላል።

የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል

ፈቃድ የሚጠይቅ ፕሮክሲ ያለፈቃድ ለመጣ ጥያቄ በቁጥር 407 ይመልሳል። ስሙና የይለፍ ቃሉ በዩአርኤሉ ውስጥ ከአድራሻው በፊት ሊጻፉ ይችላሉ። በይለፍ ቃሉ ውስጥ @ ካለ %40፣ # ካለ ደግሞ %23 ተብሎ መተካት አለበት፤ አለበለዚያ ላይብረሪው የይለፍ ቃሉ የት አልቆ አድራሻው የት እንደሚጀምር ይሳሳታል።

የይለፍ ቃልን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ተጨማሪ ችግር አለው። እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የ«ቤዚክ» ዘዴ ደግሞ ከመጀመሪያው የፊደል አቀማመጡን አልወሰነም ነበር። ሰርቨሩ ዩቲኤፍ-8 እንደሚጠብቅ የሚያሳውቅበት መንገድ የተጨመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ሪኩዌስትስ ግን ጽሑፉን በላቲን-1 ለመቀየር ስለሚሞክር ግዕዝ ሲያገኝ ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ስህተት ያወጣል። እስከዚህ ድረስ ለፕሮክሲ የሚሆን የይለፍ ቃል በላቲን ፊደላትና በቁጥር ቢሆን ይሻላል።

«ቤዚክ» የሚባለው ዘዴ የይለፍ ቃሉን በቤዝ64 ይጽፈዋል እንጂ አይመሰጥረውም። ከፕሮክሲው ጋር ያለው ግንኙነት ካልተመሰጠረ በመንገድ ላይ ያየው ሁሉ ይፈታዋል። በኮድ ውስጥ የተጻፈ የይለፍ ቃል ከጊት ታሪክ ጋር አብሮ ይኖራል፤ በትእዛዝ መስመር ላይ የተጻፈ በማሽኑ ላይ ባሉ ሌሎች ተጠቃሚዎች ሊታይ ይችላል፤ በቫሪያብል የተቀመጠውን ደግሞ ፕሮግራሙ የሚያስነሣው ልጅ ፕሮግራም ሁሉ ይወርሰዋል። ከሦስቱ የተሻለው የመጨረሻው ቢሆንም ቫሪያብሎችን በሙሉ ወደ ሎግ የሚጽፍ ፕሮግራም ያጋልጠዋል።

ላይብረሪው ራሱም ሊያፈስ ይችላል። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ሪኩዌስትስ 2.31.0 የወጣው ሲቪኢ-2023-32681 የተባለውን ስህተት ለማረም ነበር። ጥያቄው ወደ ኤችቲቲፒኤስ አድራሻ ሲዘዋወር ለፕሮክሲው ብቻ የታሰበው የፈቃድ ራስጌ በተመሰጠረው መስመር ውስጥ አልፎ ለመድረሻው ሰርቨር ይደርስ ነበር። ከዚያ በፊት ያለ ቅጂ የሚጠቀም ሰው ላይብረሪውን ማሻሻልና የይለፍ ቃሉን መለወጥ ይኖርበታል።

ምስጠራውን የሚከፍቱ ፕሮክሲዎች

አንዳንድ ድርጅቶች የተመሰጠረውን ይዘት ለመመርመር ሲሉ ፕሮክሲው በመድረሻው ስም የራሱን ሰርተፍኬት እንዲያቀርብ ያደርጋሉ። የድርጅቱ ዋና ሰርተፍኬት በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ስለተጫነ ብራውዘሩ ይቀበለዋል። ሪኩዌስትስ የራሱን የሰርተፍኬት ጥቅል፣ ጃቫም የራሱን ማከማቻ ስለሚጠቀሙ ግን ይቃወማሉ። ትክክለኛው መፍትሔ የድርጅቱን ሰርተፍኬት ለእነርሱም መስጠት ነው፤ ለሪኩዌስትስ «ሪኩዌስትስ_ሲኤ_በንድል»፣ ለኖድ «ኖድ_ኤክስትራ_ሲኤ_ሰርትስ» በሚባሉት ቫሪያብሎች፣ ለጃቫ ደግሞ ወደ ማከማቻው በማስገባት። በብዛት የሚታየው ግን የሰርተፍኬት ማረጋገጫውን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ይህ ስህተቱን ከስክሪኑ ላይ ያነሳል፣ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የድርጅቱን ፕሮክሲ ከማንኛውም አስመሳይ መለየት አይችልም። ለሙከራ ተብሎ የገባው መስመርም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።

ሶክስ

ሶክስ5 በመጋቢት 1996 እ.ኤ.አ. የተደነገገ፣ ለድር ብቻ ያልተወሰነ የፕሮክሲ ስምምነት ነው። በከርልና በሪኩዌስትስ «ሶክስ5» ሲባል ስሙን የሚፈታው ፕሮግራሙ ያለበት ማሽን ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ «ኤች» ሲጨመርበት ፕሮክሲው ይፈታዋል። ማንነቱን ለመሸፈን ቶርን ለሚጠቀም ሰው ይህች አንዲት ፊደል ትልቅ ልዩነት ታመጣለች። ያለ እርሷ ይዘቱ በቶር ቢያልፍም የጎበኘው ድረ ገጽ ስም ግን በተለመደው መንገድ ለአገልግሎት አቅራቢው ይጠየቃል።

ማረጋገጥ

ግንኙነት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚለየው ስህተቱ ከፕሮክሲው የመጣ ወይም ከመድረሻው የመጣ መሆኑ ነው። ለኤችቲቲፒኤስ ጥያቄ ቁጥር 407 የሚመጣው ለ«ኮኔክት» ምላሽ ሆኖ ስለሆነ ብዙ ላይብረሪዎች እንደ ተራ ምላሽ ሳይሆን እንደ ግንኙነት ስህተት ያሳዩታል፤ ቁጥሩ የሚገኘው በስህተቱ ዝርዝር ውስጥ ነው። ከርልን በዝርዝር ማሳያው ማስኬድ የትኛውን ፕሮክሲ እንደመረጠና ምን እንደተባለ መስመር በመስመር ያወጣል፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ከርል እንጂ ስለ ሌላው ፕሮግራም አይደለም።

ግንኙነቱ ሲሳካ ደግሞ በእርግጥ በፕሮክሲው ማለፉን ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። የፕሮክሲውን አድራሻ ሆን ብሎ ማንም ወደማያዳምጥበት ፖርት መለወጥና ፕሮግራሙን እንደገና ማስኬድ ነው። ፕሮግራሙ ቅንብሩን የሚያከብር ከሆነ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ እስካሁንም በቀጥታ ሲወጣ ነበር ማለት ነው። ይህን ሙከራ ለእያንዳንዱ ላይብረሪ ለየብቻ፣ ለኤችቲቲፒም ለኤችቲቲፒኤስም ማድረግ ያስፈልጋል። በቀጥታ መውጣት ፈጽሞ በማይፈቀድበት ቦታ ደግሞ ክልከላው በኮዱ ላይ ሳይሆን በፋየርዎሉ ላይ ይቀመጣል፤ ከፕሮክሲው በቀር ማንም ማሽን ወደ ውጭ እንዳይገናኝ ሲደረግ ቅንብሩን የሳተ ፕሮግራም ወዲያው ይታወቃል።